የሐምሌ ዜሮ

አንዲት ሴት ነበረች አሉ፣ ከዚህ ዓለም አንድ ቁጥር ብቻ የጎደላት።

ስሟ ወይዘሮ አሰገደች ነው፤ የምትኖረውም ሾላ በር በምትባል ከተማ። ባሏ አቶ ስንሻው ለሃያ ሁለት ዓመት የከተማዋን ዝናብ ሲለካ የኖረ ሰው ነበር። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ከቆመው መለኪያ ውሃውን ይቀዳል፣ ሚሊሜትሩን ያነባል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ሐምሌ ላይ ሳንባ ምች ያዘውና ሆስፒታል ተኛ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወይዘሮ አሰገደች ሾርባ ልታመጣለት ቤት ደርሳ ስትመለስ ወድቆ አገኘችው። የዳሌው አጥንት ተሰብሮ ነበር። በወደቀ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዐረፈ። እሱ ከዚያ ወዲያ መናገር ተስኖት ነበር፤ እንዴት እንደወደቀም የነገራት ሰው የለም።

አርባው ካለፈ በኋላ የሞት ማስረጃ ልትወስድ ሆስፒታሉ ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። አናቱ ላይ «የታካሚዎች ደኅንነት» ይላል፤ ከሥሩ ወራቱ ተደርድረዋል። ከሐምሌ ፊት ለፊት «የወደቁ ታካሚዎች፦ 0» ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የምትፈልገው ነገር ይኸው ሆነ፤ ያ ዜሮ አንድ እንዲሆንላት።

ሰሌዳውን የሚጽፈው አቶ ንጋቱ ነው። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት የቀረው፣ ጣቶቹ ሁልጊዜ በማርከር ቀለም የተነከሩ የመረጃ ክፍል ሠራተኛ።

«ወንድሜ፣ ባሌ እዚህ ወድቋል» አለችው። «ሐምሌ ላይ አንድ በልልኝ።»

«እግዜር ያጽናናዎት፣ እትዬ። እኔ የምጽፈው የአደጋ ቅጽ ሲደርሰኝ ነው። ቅጹን የምትሞላው ነርሷ ናት። ቅጽ ካልመጣ እኔ ጋ ማንም አልወደቀም።»

«እሱ ግን ወድቋል።»

«እርስዎ ጋ ወድቋል። ሰሌዳው ጋ ገና ነው።»

ነርሷ አትሞላም፣ ሰሌዳው አይጽፍም፣ አቶ ስንሻው አይቆጠርም።

ወይዘሮ አሰገደች ባሏ ተኝቶበት ወደነበረው ክፍል ሄደች። ሲስተር ፋንታነሽ ለሃያ ስድስት አልጋ ብቻዋን ነበረች። ስታያት አንገቷን ደፋች።

«ልጄ፣ ሰሌዳው አይጽፍም አንቺ ካልሞላሽ። ሙዪልኝ።»

«ቅጹ እዚህ የለም፣ እማማ። ጥራት ክፍል ሎከር ውስጥ ነው የተቆለፈበት።»

«ቢኖርስ ትሞዪው ነበር?»

ሲስተር ፋንታነሽ የያዘችውን መርፌ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «አምና አንዷ ጓደኛዬ መድኃኒት ተሳስቼ ሰጠሁ ብላ በገዛ እጇ ጻፈች። በሳምንቱ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ከዚያ ወዲህ በዚህ ክፍል የተሳሳተ የለም። የወደቀም የለም።»

ሎከሩ አይከፈትም፣ ነርሷ አትሞላም፣ ሰሌዳው አይጽፍም፣ አቶ ስንሻው አይቆጠርም።

ጥራት ክፍል ማለት ከፋርማሲው ጀርባ ያለች አንድ መስኮት ያላት ክፍል ናት። ኃላፊው አቶ ኑርሁሴን ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ሎከሩንም ከፍቶ አሳያት። ሦስት እሽግ ቅጽ አለ፤ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም።

«ስንት ይሆናል ይሄ ሁሉ?»

«ሦስት መቶ ነው፣ እናቴ። ከመጣ ሁለት ዓመቱ።»

«ሦስት መቶ! ለእኔ እኮ አንዱ ይበቃኛል። ሰሌዳው አይጽፍም ነርሷ ካልሞላች፤ ነርሷ አትሞላም አንተ ካልሰጠሃት።»

«ቁልፉ እኔ እጅ ነው፤ ትእዛዙ ግን ዳይሬክተሩ ዶክተር ተካልኝ እጅ ነው። ሳያዙኝ ባድል ቁጥር ያበላሸ ሰው እኔ ነኝ።» ሎከሩን መልሶ ቆለፈው። ሲቆልፍ አላያትም።

ዳይሬክተሩ አያዝም፣ ሎከሩ አይከፈትም፣ ነርሷ አትሞላም፣ ሰሌዳው አይጽፍም፣ አቶ ስንሻው አይቆጠርም።

ዶክተር ተካልኝን ለማግኘት ሦስት ቀን ተመላለሰች። በሦስተኛው ቀን አስገቧት። ጠረጴዛው ላይ ቢጫ ዋንጫ ቆሟል።

«ይሄን ያዩታል፣ እናት? ከአደጋ የጸዳ ሆስፒታል ተብለን የተሸለምነው ነው።»

«ያምራል። ውስጡ ምን ይደረግበታል?»

«ምንም አይደረግበትም።»

«እንደ ሰሌዳችሁ ነዋ» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ከሥሩ አስረዳችው፤ ሰሌዳው፣ ነርሷ፣ ሎከሩ።

ዶክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። አዳመጣት፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «ሌላው ሆስፒታል ሁሉ ዜሮ እየላከ እኔ አንድ ብልክ ሰው የሚጥል ሆስፒታል የምንባለው እኛ ነን። ጤና ቢሮው ይጠይቀኝ። ከጠየቀኝ አዛለሁ።»

ቢሮው አይጠይቅም፣ ዳይሬክተሩ አያዝም፣ ሎከሩ አይከፈትም፣ ነርሷ አትሞላም፣ ሰሌዳው አይጽፍም፣ አቶ ስንሻው አይቆጠርም።

ጤና ቢሮው ያለው በሚኒባስ ሁለት ሰዓት ርቆ ነው። ወይዘሮ አሰገደች ጥቁሯን ነጠላ አጣፍታ፣ የባሏን ደብተር በፌስታል ጠቅልላ ሄደች። ደብተሩን ለምን እንደያዘችው ራሷም አታውቅም። ከሞተ ወዲህ ያለ እሱ ደብተር ከቤት ወጥታ አታውቅም።

የሆስፒታሎቹን ቁጥር የምትሰበስበው ሐያት የምትባል ሴት ናት። ታሪኩን ከሰማች በኋላ ኮምፒውተሯን አዙራ አሳየቻት። አሥራ አራት ሆስፒታሎች፣ አሥራ ሦስት ዜሮ። ነጭ ድንጋይ ሆስፒታል ብቻ አራት ብሏል።

«እነዚህ አራት ሰው ጣሉ ማለት ነው?»

«አይደለም፣ እማማ። አራት ሰው ሲወድቅ አዩ ማለት ነው። አራቱም ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ነው የወደቁት። መንገዱ ላይ የእጅ መያዣ ብረት ገጠሙበት። ሆስፒታሎቹ ያዩትን ካልላኩልን ግን ለሌሎቹ ምን እናካፍላለን?»

«እንግዲያው የእኛን ጠይቂልኝ።»

«የእናንተ ዜሮ ነው። ሁለት ሰው ነን፤ ለዜሮ ደብዳቤ አንጽፍም።»

ሰሌዳው ዜሮ ይላል፣ ቢሮው አይጠይቅም፣ ዳይሬክተሩ አያዝም፣ ሎከሩ አይከፈትም፣ ነርሷ አትሞላም፣ ሰሌዳው አይጽፍም፣ አቶ ስንሻው አይቆጠርም። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከተነሣችበት ደረሰ። ወይዘሮ አሰገደች ፌስታሏን አንሥታ ልትወጣ በሩ ጋ ቆመች።

«ቁጥሩን ሳይጽፍ የሚልክ አለ?»

«ሰረዝ ወይም ባዶ ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ ቀይ ያደርገዋል። በማግስቱ ደብዳቤ ይወጣል። ግን ማንም እንደዚያ አይልክም። ዜሮ መጻፍ ይቀላል።»

ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ደብተሩን ከፈተችው። በእሱ እጅ ጽሕፈት፣ ወር በወር፣ ቀን በቀን። ከተኛበት ቀን ጀምሮ ገጹ ባዶ ነው። ወደ ኋላ ስትገልጥ የቆየ ፍቅ አየች፤ ሦስት ዜሮዎች ተፍቀው በቦታቸው ሦስት ሰረዞች አሉ። ያኔ እህቱ ሞታ ለቀብር ሄዶ ነበር። እሷ ልትረዳው ብላ ሦስት ዜሮ ጻፈችለት። ተመልሶ ሲያይ ጠየቃት።

«አይተሽ ነው?»

«ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።»

«መለኪያውን አይተሽ ነው ወይ?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ሰረዝ ነው፣ አሰጉ። ዜሮ ማለት አየሁ፣ የለም ማለት ነው። ላላየሁት ሰረዝ ነው።» ሳይቆጣ ላጲሱን አንሥቶ ፋቃቸው። አሰጉ ብሎ የሚጠራት እሱ ብቻ ነበር።

በማግስቱ በጠዋት አቶ ንጋቱ ዘንድ ሄደች። ሰሌዳው ሥር ቆሞ ማርከሩን እያራገፈ ነበር።

«መጡ፣ እትዬ? አንድ ልጽፍ አልችልም ብያለሁ።»

«አንድ አላልኩህም። ይሄን ዜሮ አይተህ ነው የጻፍከው?»

«ምኑን ነው የማየው?»

«ሐምሌ ላይ ክፍሎቹን ዞረህ፣ የወደቀ እንዳለ ጠይቀህ፣ አለመኖሩን አይተህ ነው?»

አቶ ንጋቱ ሳቅ አለ። «የሰኔን ነው የደገምኩት።»

«ሰኔንስ?»

አሁን አልሳቀም። ደብተሩን አውጥታ ሦስቱን ሰረዞች አሳየችው። አቶ ስንሻው ያላትንም ነገረችው። አቶ ንጋቱ ገጹን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሰረዞቹን አንድ በአንድ አየ።

«ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ጻፈ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት።»

«አንድ ለመጻፍ የሰው ፊርማ ያስፈልገኛል» አለ በመጨረሻ። «አላየሁም ለማለት ግን የማንም ፊርማ አያስፈልገኝም።» በመዳፉ ዜሮውን ጠረገውና በቦታው ሰረዝ አሰመረ። ያንኑ ሰረዝ ወደ ቢሮው ላከው።

ሰሌዳው ሰረዝ አለ፤ ሐያት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩ ቀላ። በማግስቱ ቢሮው ጠየቀ። «የሐምሌን ቁጥር ማን አይቶ እንደሞላው ስምና ፊርማ ይላክልን» የሚል ሁለት መስመር ደብዳቤ ነበር። ዶክተር ተካልኝ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። አየሁ ብሎ ዜሮ ላይ የሚፈርም ሰው ፈለገ፤ አላገኘም። ቢሮው ጠየቀ፣ ዳይሬክተሩ አዘዘ። ዳይሬክተሩ አዘዘ፣ ሎከሩ ተከፈተ፤ አቶ ኑርሁሴን ላስቲኩን በጥርሱ ቀደደው። ሲስተር ፋንታነሽ ግን ብዕር አላነሣችም።

«ቅጽ የሞላ አይቀጣም የሚል ወረቀት ይሰጠኝ» አለች። «በቃል አይሆንም።»

ወረቀቱ አንድ ሳምንት ፈጀ። ሲደርሳት ወይዘሮ አሰገደችን አስጠርታ፣ አጠገቧ አስቀምጣ ሞላች። የሞላችውን በለሆሳስ አነበበችላት።

«ታካሚው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከአልጋው ተነሣ። የአልጋው የጎን መከለያ የለም። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ በመስኮቱ ገብቶ ወለሉ ላይ አቁሮ ነበር። ታካሚው ወደ መስኮቱ ሲሄድ ውሃው አንሸራትቶት ወደቀ። ነርሷ የት ሊሄድ እንደነበር ስትጠይቀው፣ ስንት እንደጣለ ለማየት ነው ብሏል።»

ወይዘሮ አሰገደች ወደ ቅጹ ጠጋ አለች።

«እስቲ መጨረሻውን ድገሚልኝ» አለች። ሲስተር ፋንታነሽ ደገመችላት።

ነርሷ ሞላች፣ ሰሌዳው ጻፈ፣ አቶ ስንሻው ተቆጠረ። ከሐምሌ ፊት ለፊት አንድ ተባለ። አቶ ንጋቱ አንዱን ቀጥ አድርጎ ጻፈው፤ ወይዘሮ አሰገደች ከኋላው ቆማ አየችው። ቢሮው አንዱን ከነምክንያቱ ለአሥራ ሦስቱ ሆስፒታሎች ላከው። ነጭ ድንጋይ ሆስፒታል የራሱን መስኮቶች ፈትሾ፣ እኛም ጋ ሁለቱ ያፈስሳሉ ሲል መለሰ። ሾላ በር ላይ መስኮቱ ታደሰ፤ ለሃያ ስድስቱ አልጋዎች መከለያ ተገጠመ። ዋንጫው በዚያ ዓመት ወደ ሌላ ሆስፒታል ሄደ።

ኅዳር ሲያልቅ ወይዘሮ አሰገደች በዚያ ስታልፍ ወደ ኮሪደሩ ጎራ አለች። ከኅዳር ፊት ለፊት ዜሮ ተጽፏል።

«ታይቶ ነው?» አለችው አቶ ንጋቱን።

«በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ እዞራለሁ፣ እትዬ። ታይቶ ነው።»

አመነችው።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ግቢዋ ውስጥ ወዳለው መለኪያ ሄደች። ክዳኑን አንሥታ ወደ ውስጥ አየች። ደረቅ ነው። ደብተሩን ከፍታ፣ ከእሱ እጅ ጽሕፈት ሥር፣ በቀሩት የሐምሌ ቀናት ሁሉ ላይ ሰረዝ አሰመረች። ከዚያ እስከዚያች ጠዋት ድረስ ባለው ላይ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ። የዕለቱ መስመር ላይ ስትደርስ ዜሮ ጻፈች።

አየች፤ የለም።