ጣት አይሰረቅም

አቶ ድንበሩ የሚባሉ ባለሆቴል ነበሩ አሉ። ሌባ ፈርተው በየጥጉ ካሜራ ሰቀሉ፤ በሩንም በጣት አሻራ የሚከፈት አደረጉት። የመሣሪያው ገጣጣሚ "በካርድ ቢሆንስ?" ቢላቸው፣ እሳቸው እቴ፣ "ካርድ ይሰረቃል፤ ጣት አይሰረቅም" ብለው አፉን አስያዙት።

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ እየነካ ገባ። ሃያ ዓመት ወለል ስትፈትግ የኖረችው ሴትዮ ግን አሥሩንም ጣቷን ብታፈራርቅ በሩ እምቢ አላት። አቶ ድንበሩ በካሜራው ሲያይዋት ቆይተው ወጡና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "መሣሪያው የማያውቀውን ሰው እኔም አላውቅም። በይ ወደ ቤትሽ" አሏት።

ሴትዮዋ የተላጠ መዳፏን ዘረጋችላቸው። "ጣትም ይሰረቃል፣ ጋሼ። የኔን አሻራ ወለልዎ ከነ በረኪናው ሃያ ዓመት ሲሰርቀኝ ኖሮ ጨረሰው። የእርስዎን ጣት ግን ሥራ አግኝቶት ስለማያውቅ፣ ይኸው ሙሉውን አለ።"

ገጣጣሚው በዚያው ቀን ካርድ ይዞ እንዲመጣ ተጠራ።