ቅቤ ሰራቂዋ ቢራቢሮ

አያ ጓንጉልን ነገር የፈለገው ሰው ማታ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር ይባላል። በሬ የለው፣ ርስት የለው፤ ምላሱን ግን ጌቶቹ ሁሉ ይፈሩት ነበር።

ያን ጊዜ ሚስተር ፔል የሚባል እንግሊዛዊ መጥቶ ፊታውራሪ እንግዳሸት ቤት ዐርፏል። ሥራው መረብ ይዞ ቢራቢሮ ማሳደድ ነው። አንድ ቀን ሜዳ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ሲሮጥ አያ ጓንጉል ደረሰበት።

«ይህችን ምን ትሏታላችሁ?» አለው ፈረንጁ።

«ቢራቢሮ።»

«ለምን እንዲህ ተባለች?»

«እየሸሸች አስቸግራን አልጠየቅናትም፤ አንተ ከደረስህባት ለእኛም ንገረን።»

ፊታውራሪ እንግዳሸት መቼም ንፉግ ናቸው። አንድ ቀን እንደ ምንም ግብር አበሉ። ሚስተር ፔልም የአገሩን ወግ ያወጋ ጀመር። ቢራቢሮ በእንግሊዝኛ «የቅቤ ዝንብ» ትባላለች አለ። የስሟን መነሻ በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ አንዳንዱ ቅቤ የመሰለ ክንፏን አይተው ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ የጥንት ሰዎች ጠንቋይ ቢራቢሮ ሆና ቅቤ ትሰርቃለች ብለው ያምኑ ስለነበር ነው ይላል። ተጋባዡ ሁሉ ተገረመ። ፊታውራሪም በእንግዳቸው ኮርተው፣ «ወጡስ እንዴት ነው፣ ጓንጉል?» አሉ። ወጡ ላይ የቅቤ ጠብታ የለም።

«ጌታዬ፣ የእንግሊዝ ቢራቢሮ እዚህ ቤት ብትመጣ ስሟን ለውጣ ትመለሳለች።»

ብዙም ሳይቆይ ፊታውራሪ የመሬት ክርክር ገጠማቸውና አንድ ቅል ለጋ ቅቤ በድብቅ ለዳኛው መማለጃ ሰደዱ። እመቤቲቱ ቅሉን ቢያጡት ቤቱን በጩኸት ቀወጡት። ፊታውራሪ እውነቱን መናገር አፍረው፣ «ገረዷ ዘርፌ ናት የሰረቀችው» አሉና ልጅቷን እዚያው ዳኛ ፊት አቆሟት። ከተፈረደባት ጅራፍ ነው የሚጠብቃት። ቅቤው የት እንደገባ ያልሰማ በአገሩ አልነበረም፤ ደፍሮ የሚናገር ግን ጠፋ። ዘርፌ የሙት ልጅ ናት፣ የሚቆምላት ዘመድ የላትም፤ የአያ ጓንጉልን አንጀት በላችው።

ዳኛው ዋርካው ሥር ተሰየሙ። ጠዋት አናታቸውን ቅቤ ተቀብተው ኖሮ፣ ሙቀቱ ሲበረታ በአንገታቸው ይወርድ ጀመር።

«ዘርፌ አልሰረቀችም» አለ አያ ጓንጉል ተነሥቶ። «ሌባዋ ቢራቢሮ ናት፤ ምስክሬም ሚስተር ፔል ነው።»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ግን ቱግ አሉ።

«ታዲያ የታለች? አሁኑኑ ካላመጣሃት ገረዷን አስገርፋለሁ!»

ይኼኔ አንዲት ቢጫ ቢራቢሮ ስትበር መጥታ ዳኛው አናት ላይ ዐረፈች። ሳቁ ቆመ። ፊታውራሪም አቀረቀሩ። አያ ጓንጉል ቀስ ብሎ ቀረበና እጅ ነሣ።

«ይኸው ጌታዬ፣ ከነቅቤው እጅ ከፍንጅ ተያዘች፤ እንዳታመልጠን ራስዎን አይነቅንቁ።»