ከጠላቱ ጎን የተሸከመው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ጎረቤቱ አያልነህ በሐሰት መሰከረበትና ታሰረ። እስር ቤት ሳለ እናቱ ሞተች፤ አፈር እንኳ ሳያለብሳት ቀረ። ይህ ይረሳል? አይረሳም። ተፈቶ ከተመለሰ ወዲህ አያልነህን መንገድ ላይ ካየ ዞሮ ያልፋል።

አንድ ማለዳ ከአያልነህ ቤት ጩኸት ተሰማ። ሚስቱ ውድነሽ ምጥ ጠንቶባት ነፍሷ ልትወጣ ደርሳለች። መኪና የማይገባበት አገር ነው፤ ጤና ጣቢያ የሚደረሰው በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ ነው። ጩኸት ሲሰማ ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል፤ ሰውየውም ወጣ። ወድዶ መሰላችሁ? "ቀረ" ብለው እንዳያሙት ነው እንጂ!

አሁን ስሙኝ። የቃሬዛ ተሸካሚ የሚጣመረው ቁመት ለቁመት ነው፤ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ከሆነ በሽተኛዋ ትንሸራተታለች። በዚያ መንደር ደግሞ ረጃጅሞቹ እሱና አያልነህ ናቸው። የመንደሩ ሽማግሌ አዩአቸውና "አንተ ከአያልነህ ጋር የፊቱን ያዝ" አሉት።

"ከሱ ጋር? ኧረ አባባ፣ ሌላ ሰው ይፈለግ!"

"እናንተ እስክትታረቁ እሷ ትጠብቅ?" አሉት ተቆጥተው።

ጎንበስ ብሎ አነሣ። አቀበቱን ጎን ለጎን ወጡት። ልቡ እንደቆሰለ ነው፤ እግሩ ግን ከጠላቱ እግር እኩል ይራመዳል። አያልነህ ማልቀስ ጀመረ።

"እናትህን እንዳትቀብር ያደረግሁህ እኔ ነኝ። ሚስቴን ትሸከምልኛለህ?"

ሰውየው ዞሮም አላየው። "አሁን አታናግረኝ። እርምጃህን አስተካክል፣ ትወድቃለች" አለው።

ውድነሽ ከነልጇ ተረፈች። ይቅርታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ በብዙ ዕንባ። ልብ በሉ፣ ልቡ ሳይድን ትከሻው ታዘዘ።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? "ቁስሌ ሲሽር ይቅር እላለሁ" ትላላችሁ። በየቀኑ እየነካካችሁት እንዴት ይሽራል? ጌታ ጠላታችንን እንድንወድ ሲያዘን፣ ደስ ሲላችሁ ውደዱ አለን? አላለንም። የበደላችሁ ሰው ይኸው ታሞ ተኝቷል። ይኸው ለቅሶ ተቀምጧል። እናንተ ግን ገና ልባችሁን ትጠብቃላችሁ! እሱ ጊዜ አለው?

አደራችሁን። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በዚያ ሰው ደጅ በኩል ሂዱ። አንኳኩ። ልባችሁ አልሄድም ካላችሁ ትታችሁት ሂዱ፤ ቀስ ብሎ ይከተላችኋል።