ልጇ እንድትወድቅላት የለመነች እናት

ስንዱ የምትባል እናት ነበረች። ከትምህርት ቤት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ የዝና እንድትወድቅ።

ነገሩ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ሕፃን ልጇን ትኩሳት ያዘውና ከጤና ጣቢያ ሁለት ፖስታ መድኃኒት ይዛ ተመለሰች፤ አንዱ የሕፃኑ፣ ሌላው የአማቷ የደም ግፊት መድኃኒት ነው። የማን እንደሆነ በየፖስታው ላይ ተጽፏል። ስንዱ ፊደል አልቆጠረችም። የዝና ግን አራተኛ ክፍልን በሰባ አራት አማካይ ጨርሳ ወደ አምስተኛ አልፋለች።

"የሕፃኑ የትኛው ነው?" አለቻት።

የዝና ፖስታዎቹን ስታገላብጥ ቆየችና አንዱን ሰጠቻት። ሕፃኑ ከዚያ ወስዶ ሁለት ቀን ሳይነቃ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ሲገልጥ፣ የዝና ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ "እማ፣ ማንበብ አልችልም። ገምቼ ነው" አለች።

ስንዱ ወደ መምህር ሽታሁን ሄደች። "ልጄን አያሳልፉብኝ። ከሁለተኛ ክፍል ጀምራ ትማርልኝ።"

መምህሩ አቀረቀረ። "እትዬ ስንዱ፣ እውነት ነው አታነብም። እሷ ብቻም አይደለችም። አምና ስድስት ልጅ ጥዬ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። ርዕሰ መምህሩ ካልፈቀደ አልጥልም።"

ወደ ርዕሰ መምህሩ ወደ አቶ ይርሳው ሄደች። "የዝና አታነብም፤ መምህሩ አይጥልም፤ እርስዎ ይፍቀዱ።"

"ከመቶው ዘጠና አምስቱ አልፈዋል ብዬ ፈርሜያለሁ" አለ። "ሱፐርቫይዘሩ ሪፖርቱን ካልቀየረ አልፈቅድም።"

ሱፐርቫይዘሩን አቶ ልየውን መንገድ ላይ ጠብቃ ሞተሩን አስቆመችው። "የዝና አታነብም፤ መምህሩ አይጥልም፤ ርዕሰ መምህሩ አይፈቅድም፤ እርስዎ ሪፖርቱን ይቀይሩ።"

ሞተሩን ሳያጠፋ መለሰላት። "ትምህርት ቤቱ ደረጃ ሦስት ነው፤ መስፈርቱን አሟልቷል። በደረጃ ሦስት ትምህርት ቤት ማንበብ የማይችል የአራተኛ ክፍል ተማሪ የለም። ወረዳው ደረጃውን ካልቀነሰ ሪፖርት አልቀይርም።"

ሕፃኑን አዝላ አራት ሰዓት በእግሯ ተጓዘች። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ላይ እስከ ከሰዓት ተቀምጣ ወደ ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ ማስተዋል ገባች። "የዝና አታነብም፤ መምህሩ አይጥልም፤ ርዕሰ መምህሩ አይፈቅድም፤ ሱፐርቫይዘሩ አይቀይርም፤ እርስዎ ደረጃውን ይቀንሱ።"

ወይዘሮ ማስተዋል ፋይሉን አውጥታ አየች። "የፌዴራሉ መስፈርት ወላጆችን ጠይቁ ይላል፤ ተጠይቃችኋል። ልጆቻችን ያነባሉ ብላችሁ ፈርማችኋል። ወላጆች ፊርማቸውን ካላነሱ እኔ አልቀንስም።"

ስንዱ በማግስቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ወደሆኑት ወደ ልብስ ሰፊው ጋሽ ጫኔ ሄደች። "የዝና አታነብም፤ መምህሩ አይጥልም፤ ርዕሰ መምህሩ አይፈቅድም፤ ሱፐርቫይዘሩ አይቀይርም፤ ወረዳው አይቀንስም። ምን ተብሎ ነው የተፈረመው ጋሽ ጫኔ?"

ጋሽ ጫኔ መዝገቡን ከመሳቢያ አወጡና አነበቡላት። "'እኛ ወላጆች ልጆቻችን በየክፍላቸው ማንበብ እንደሚችሉ አይተን አረጋግጠናል።'"

"ማን ነው እንዲህ ያለው?"

መዝገቡን ወደ እሷ አዞሩት። ሐምራዊ የጣት አሻራዎች ተደርድረዋል። ሦስተኛው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። "ይቺ ያንቺ ናት፣ ስንዱ።"

"ታኅሣሥ ላይ፣ በስብሰባው? ለመገኘታችን ምልክት ነው ያላችሁን።"

"ቶሎ ይፈለጋል ተባልኩ። ሳላነብላችሁ አስፈረምኳችሁ።"

 ስንዱ "እንግዲያው አሻራዬን አነሳለሁ" አለች።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ተሰበሰቡ። "ልጆቻችንን ልታዋርጂ ነው?" ያሏት ነበሩ። ጋሽ ጫኔ የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ዘርግተው ልጆቹን አንድ በአንድ አስነበቡ። ከሃምሳ ሁለቱ ሠላሳ አንዱ አንድ መስመር መጨረስ አቃታቸው። ልጁ ስድስተኛ ክፍል የሆነ አንድ አባት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። ከዚያ አዲስ ወረቀት ተጻፈ፤ ሁለት ጊዜ ጮክ ተብሎ ተነበበ፤ ጣቶች ዳግመኛ ቀለም ነኩ።

ወላጆች ፊርማቸውን አነሱ። ወረዳው ደረጃውን ወደ አንድ ቀነሰ፤ ሱፐርቫይዘሩ ሪፖርቱን ቀየረ፤ ርዕሰ መምህሩ ፈቀደ፤ መምህሩ የዝናን ጣለ፤ የቀሩትን ሠላሳ ልጆችም መምህሮቻቸው ጣሉ።

ቁጣውም በዚያው መንገድ ወረደ። ወረዳው ሱፐርቫይዘሩን ተቆጣ፤ ሱፐርቫይዘሩ ርዕሰ መምህሩን ተቆጣ፤ ርዕሰ መምህሩ መምህር ሽታሁንን ወደ ሩቅ ቀበሌ አዛወረው። ከወደቁት ልጆች ስድስቱ ከውርደቱ የተነሣ ትምህርት ቤት አልተመለሱም። እናቶቻቸው ስንዱን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ።

ትምህርት ሲከፈት የዝና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ሁለተኛ ክፍል ገባች። ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞራ ተቀመጠች። አዲሷ መምህርት ፊደልን ከመጀመሪያው ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ስንዱ በር ላይ ጠበቀቻት። "ሳቁብሽ?"

"አዎ።"

ትንሽ መንገድ ሄዱ።

"ነገስ ትመጫለሽ?"

የዝና ደብተሯን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "ዛሬ እስከ 'ሐ' ደርሰናል" አለች። "ነገ 'መ' ነው።"