የተቀበረ ገል

አንድ መጠየቅ የሚወድ ንጉሥ ነበር። በአገሩ ካሉት መንደሮች በአንዷ ሴቶቹ ሁሉ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። እንስራዎቻቸው ግን ውኃ ተሞልተው ከወንዝ ሲወጡ መንገድ ላይ እየተሰነጠቁ ቀጂውን ሁሉ አስለቀሱ። ንጉሡም የማይሰነጠቅ እንስራ ለሠራች ሴት ሁሉም የሚቆፍሩበትን የሸክላ አፈር ጉድጓድ ለብቻዋ እንደሚሰጣት፣ እስከ ክረምት ካልተገኘ ግን ለሌላ አገር ሠሪዎች እንደሚሰጠው አሳወጀ። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ሽልማት ካለ ብልሃት አይጠፋም ብሎ ነው።

የመንደሯ ሴቶች የቆየ ልማድ ነበራቸው። እሳት ላይ የፈነዳውንና መንገድ ላይ የተሰነጠቀውን እንስራ ገል ሁሉ ሜዳ ላይ ዘርግተው፣ ይኼን ደግሞ ምን ነካው እየተባባሉ፣ እየተሳሳቁም ይመረምሩታል። ከአዋጁ ወዲህ ያ ቀረ። እያንዳንዷ ሌላዋ እንዳትማርበት ገሏን ጓሮዋ ቀበረች።

ትርንጎ የምትባል ሸክላ ሠሪም ቀበረች። ምን ታድርግ? ጉድጓዱ ለሌላ ከተሰጠ ልጆቿን በምን ታሳድጋለች? የእሷ እንስራ አንገቱ ብረት ነው፤ ታቹ ግን ሁልጊዜ ይከዳታል። አፈር ቀየረች፣ ማገዶ ቀየረች፣ ወይ ፍንክች! ክረምቱ ሲቃረብ ጭንቁ ባሰባት። ገሏን በነጠላዋ ቋጥራ ጎረቤቷ አስካለ ፊት ዘረገፈችው።

"የኔ ከታቹ ነው የሚሰነጠቀው። ያንቺስ?"

አስካለ ከገሉ አንዱን አንሥታ በጣቷ ዳሰሰችው። ኋላ ተነሥታ ጓሮዋን ቆፈረች፤ የእሷ ገል ሁሉ የአንገት ነበር። ለካ አስካለ አሮጌ ገል ወቅጣ ከጭቃው ስለምትቀላቅል ታቹ ይጠነክርላታል። ትርንጎ ደግሞ አንገቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ታደርጋለች። ሁለቱን ብልሃት ባንድ እንስራ ላይ አዋሉት። እንስራው ከወንዝ ወጥቶ በደኅና ቤት ገባ።

ትርንጎ እንስራውን ይዛ ብቻዋን ንጉሡ ፊት ቀረበች። አገላብጦ አየውና የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቃት። የእኔ ነው ብትል ማን ያውቅባት ነበር? ትርንጎ ግን እውነቱን ተናገረች።

"ጃንሆይ፣ ታቹ የአስካለ፣ አንገቱ የእኔ ነው። ያስተማሩን ግን የተሰበሩት ናቸው። ጉድጓዱን ለአንዳችን ከሰጡ፣ የሚቀጥለው ብልሃት ከየት ይመጣል?"

"ታዲያ ምንም ካልሰጠሁ ማን ይደክማል?" አለ ንጉሡ፣ ከልቡ ሊያውቅ ፈልጎ።

"ጉድጓዱን ገሏን ሜዳ ላይ ላወጣች ሁሉ ይስጡ።"

እንዳለችውም አደረገ። ጉድጓዱ የሁሉም ሆኖ ቀረ፤ ሜዳውም እንደ ድሮው በገልና በሳቅ ተሞላ።

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እያልን ስንቀልድ፣ ገሉ ስንት እንጀራ እንደሚያበላ ረስተን ነው። አዲስ ሐሳብ ከባዶ አይወለድም፤ አንዱ ከተሰበረበት ላይ ሌላው ይጀምራል። ለተሳካለት ብቻ የሚሸልም አገር ግን ስብራቱን ያስቀብራል። እስቲ እናንተስ ጓሯችሁ የቀበራችሁት ገል የማንን እንስራ ያድን ነበር?