ቀበሮ የሠራው የማዘዣ ቅጽ

አንድ ጊዜ፣ ሹመት በዕውቀት ሳይሆን በአንበሳ ዝምድና በሚገኝበት ዱር፣ ብዙ የተማረ ቀበሮ ይኖር ነበር። የዱሩን ፈተና አንደኛ ወጥቶ ያለፈው እሱ ነው። ጸሐፊ ሆኖ የተሾመው ግን የአንበሳ አማች፣ ከሦስት በላይ መቁጠር የማይሆንለት ጅብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ክረምት አልፏል። ቀበሮ ግን ሌላው ሲያልፍለት ባየ ቁጥር የተሰረቀው ከእሱ ይመስለዋል።

አንድ ጠዋት አህያ ስልኳን አንጠልጥላ ደጁ ደረሰች። ዕድሜዋን ሙሉ የሌላውን ጭነት ስትሸከም የኖረች ናት።

«አያ ቀበሮ፣ የኦንላይን ሱቅ ልከፍት ነው» አለች። «ጨው እሸጣለሁ። ፎቶውን አነሳሁ፣ ገጹንም እንደምንም ከፈትኩ። የማዘዣው ቅጽ ግን እምቢ አለኝ። ስልኬ ይቆማል፣ አስነሳዋለሁ፣ ደግሞ ይቆማል።»

«አንቺ ሱቅ? ጭነቱንስ ለማን ትተሽው?»

«እሱ ነው የደከመኝ። ይህ ካልሆነልኝ ወደ ጭነት መመለሴ ነው፤ የዘንድሮን ክረምት ደግሞ አልችለውም።»

ቀበሮ ፎቶዎቹን አየ። ነጭ ጨው በጥቁር ድንጋይ ላይ፤ ያምራል። ማማሩ አበሸቀው። እኔ ይህን ሁሉ ተምሬ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጬ፣ ፊደልን ከጆንያ ላይ የለቀመች አህያ ባለሱቅ ልትባል?

«ተይው፣ እኔ እሠራልሻለሁ» አለ።

ሠራላትም። ቅጹ ስም ይጠይቃል፣ የጨው መጠን ይጠይቃል። ከዚያ በታች ሁለት ሳጥኖች አሉ፦ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር። እነሱ ካልተሞሉ «እዘዝ» የሚለው ቁልፍ አይሠራም። በዚያ ዱር ደግሞ ስም ያለው መንገድ፣ ቁጥር ያለው ዋሻ የለም። ሁሉም ቤቱን የሚያመለክተው «ከዋርካው ጀርባ፣ የተሰነጠቀውን ድንጋይ አልፎ» እያለ ነው። ቀበሮ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ሱቁ ከተከፈተ ሦስት ቀን ሆነው። አንድም ትእዛዝ አልገባም። አህያ ስልኳን ታጠፋለች፣ ታበራለች፤ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ትወጣለች። ቀበሮ ከታች ሆኖ ያያታል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ምሳ እንደዚያ ጣፍጦት አያውቅም።

በአራተኛው ቀን ጅብ ከወንዙ ማዶ ተጣራ። አህያ ቀበሮን አስከትላ ወረደች፤ ወንዙን ግን አልተሻገረችም። ከጅብ ጋር ጉዳይዋ ሁልጊዜ ከማዶ ለማዶ ነው።

«እመት አህዪት፣ ጨዌ የታለ? አጥንቴን ላጣፍጥበት ነበር።»

«መቼ አዘዝክ፣ አያ ጅቦ?»

«ሦስት ቀን ስታገል! የቤት ቁጥር ሲለኝ፣ ብዙ ቤት ላለው ብዙ ይሰጣል ብዬ አርባ አልኩት። አርባ ትልቅ ነው ይላሉ። የመንገድ ስም ሲለኝ ግን ምን ልበል? መንገዱ እኔ የሄድኩበት ነው።»

አህያ ጆሮዋን አቆመች። ወደ ቀበሮ ዞረች።

«አያ ቀበሮ፣ የአንተ የቤት ቁጥር ስንት ነው?»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «በሠለጠነው ዓለም ቅጽ እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«እሺ። የአንተ ግን ስንት ነው?»

ቀበሮ ወደ ጉድጓዱ መንገድ ጀመረ።

አህያ ያን ቅጽ አጠፋችው። በምትኩ አንድ መስመር ጻፈች፦ «የት እንዳላችሁ በድምፅ ላኩልኝ።» ድምፁ ጎረፈ። ድኩላ «ከምንጩ በላይ፣ የወደቀው ግንድ ጋ» አለች። ጃርት «ከኩይሳው ወደ ግራ» አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት ያመላለሰችበት አገር ነውና ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ጅብም «ወደ ዋሻዬ ሽታው ይመራሻል» ብሎ ላከ፤ የእሱን ወንዙ ዳር አስቀምጣ ተመለሰች።

ሱቁ ሰፋ። ቀበሮ ወሬውን ሰማና ወደ አህያ ሄደ።

«ሥራ አስኪያጅ ትፈልጊያለሽ አሉ።»

«እፈልግ ነበር» አለች አህያ፣ ጆንያ እያሰረች። «ያን ጠዋት ደጅህ የመጣሁት ለቅጹ ብቻ አልነበረም። ሥራው ከተሳካ ሱቁን አብረን እንያዘው ልልህ ነበር። አንደኛ መውጣትህን የማያውቅ የለም፤ ያኔ እኔም አዝኜልህ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ጃርት ይዞታል። ፊደል ብዙ አልገፋም፤ ያላወቀውን ግን አላውቅም ይለኛል፣ ያወቀውንም አይሸሽገኝም።»

ቀበሮ ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ እንደ ልማዱ አንበሳን ሊረግም አፉን ከፈተ። በዚህኛው ግን የአንበሳ እጅ የለበትም።

ከዚህ የምንማረው፣ ጉልበተኛ የቀማንን ከደካማ ላይ ለማስመለስ ስንነሳ፣ ሁለተኛውን ዕድላችንን በገዛ እጃችን እንደምናጠፋ ነው።