የአሻጋሪው ዓሣ

አንድ ወጣት ነበረ፤ መስጠት እንጂ መቀበል ያልተማረ።

ስሙን ተዪው፤ ለነገራችን አይጠቅምም። ዕድሜው እንዳንቺ ሃያ ሦስት ቢሆን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጾማ ጸልያ፣ እጅ ጭናበት፣ ከባሕር ማዶ ወዳለ አገር ለወንጌል ላከችው። ሲሸኙት ሽማግሌዎቹ መመሪያ የተጻፈበት ወረቀት ሰጡት። ከመመሪያዎቹ አንዱ «ከማንም ምንም አትቀበል፤ ዋጋህ በሰማይ ነው» ይላል። ይህን ያሉበት ምክንያት ነበራቸው። ከእሱ በፊት የላኩት ሰው የድሃ በግ እያሳረደ ከርሞ አሳፍሯቸዋል። ወጣቱ ግን ለምን ብሎ አልጠየቀም። ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ያዘ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ።

የሄደበት አገር ቆላ ነው። ትልቅ ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሰዉ ዓሣ አጥምዶ ይኖራል። ወጣቱ በወንዙ ዳር አንዲት የሣር ክዳን ቤት ተከራየ፤ ግማሿን ማደሪያ፣ ግማሿን ጸሎት ቤት አደረጋት። ሳምንቱም እንዲህ ያልፍ ጀመር። ሰኞ ልብሱን ያጥብና ለሽማግሌዎቹ ደብዳቤ ይጽፋል። ማክሰኞ በየደጁ እየዞረ ቋንቋ ይለቃቅማል። ረቡዕ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ያሉትን ፊደል ያስተምራል። ሐሙስ በሽተኛ ይጠይቃል፤ ዓርብ ይጾማል። ቅዳሜ ቤቱን ጠርጎ ስምንት አግዳሚ ወንበር ይደረድራል። እሑድ ከስምንቱ በአንዱ ላይ ራሱ ይቀመጥና ደጁን ሲያይ ይውላል። ማንም አይመጣም። ሰኞ እንደገና ልብሱን ያጥባል።

ለምን አልመጡም ትዪኝ ይሆናል። ክፉዎች አልነበሩም። ነገሩ የጀመረው ከአንድ ሳህን ነው።

እኛ አገር እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። «ብዪ» ሲሉሽ «ጠግቤአለሁ» ትያለሽ። «ኧረ ተይ!» ይሉሻል፤ «አሁን ነው የበላሁት» ትያለሽ። «በሞቴ!» ሲሉሽ ያኔ እጅሽን ትታጠቢያለሽ። ውሸትሽን መሆኑን እነሱም ያውቃሉ፣ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ጨዋነት ብለን ተስማምተንበታል። በዚያ አገር ግን ሰው የሚጋበዘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ መጠየቅ ሰውን ማስገደድ ነው ይላሉ፤ ነውር ነው።

ታዲያ ወጣቱ በየሄደበት ቤት ዓሣ ያቀርቡለታል። እሱም እናቱ እንዳስተማረችው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በልቻለሁ» ይላል፤ ሆዱ እየጮኸ። «በሞቴ» እስኪሉት ይጠብቃል። እነሱ ሳህኑን አንሥተው ይወስዱታል። ተርቦ ይወጣል፤ ተቆጥቶም ይወጣል። ሰኞ ደርሶ «የዚህ አገር ሰው ልቡ ደረቅ ነው፤ እንግዳ አያውቅም» ብሎ ይጽፋል። እነሱ ደግሞ በበኩላቸው «ምግባችንን ይጸየፋል። እሱ የተጸየፈንን አምላኩ እንዴት ይወደናል?» ይባባላሉ። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ እሱ ግን ስለ ሠርዶው የጠየቀው በሬ አልነበረም።

እያደር ረሃቡን ለመደው። ይባስ ብሎ ኮራበት። ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ ይለዋል፤ ‹ከማንም ምንም አልተቀበልኩም› ይላል በልቡ። ይህን ጊዜ ያየ ሰው ያዝንለታል፤ እኔ ግን አላዝንለትም። ያ ወጣት ሰማይን ባለዕዳው ሊያደርግ ፈልጎ ነበር።

ያን ወንዝ የሚያሻግሩት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ታንኳቸው አሮጌ ናት፤ እሳቸውም ከታንኳዋ የተሻሉ አልነበሩም። ሚስታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን በአንድ የክረምት ሙላት ወንዙ ወስዶባቸዋል። በአገሩ ልማድ ደግሞ ወንዝ ቤተሰቡን ከወሰደበት ሰው ጋር የሚበላ የለም፤ ወንዙ ይከተለኛል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሽማግሌው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ብቻቸውን በሉ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነውና። በዚያ አገር ዘመድ በደም ብቻ አይቆጠርም። ከአንድ ሳህን አብሮ የበላ ዘመድ ነው። ሰው ሲሞት ሬሳውን የሚያጥበው፣ በመቃብሩ ላይ ቆሞ ስሙን ሦስት ጊዜ የሚጠራው አብሮት የበላ ሰው ነው። ስሙ ሳይጠራ የተቀበረ እንዳልተወለደ ይቆጠራል፤ ዓሣ አጥማጆቹ እንደ ውሻ አፈር ይመልሱበታል፣ ያበቃል። ሽማግሌው በዓለም ላይ የሚፈሩት ይህን ብቻ ነበር። «ና ዘመድ ሁነኝ» ብሎ በአፍ መለመን ደግሞ አይፈቀድም። የሚፈቀደው ሳህን ማቅረብ ነው።

እናም ረቡዕ በመጣ ቁጥር፣ ማታ ሲመልሱት፣ ታንኳዋ ወንዙ መካከል ስትደርስ መቅዘፊያውን ያሳርፋሉ። ከአንድ ቅርጫት ውስጥ በቅጠል የተጠቀለለ ጥብስ ዓሣ ያወጣሉ። ሁል ጊዜ ሁለት ነው።

«ዓሣ አለ፣ ልጄ» ይሉታል።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ፣ በልቻለሁ።»

ዓሣውን መልሰው ይጠቀልሉና ይቀዝፋሉ። ሌሎቹ ባለ ታንኳዎች እምቢ ያለን ሰው በየሳምንቱ ይለምናሉ እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ሽማግሌው ኀፍረቱን ውጠው በሳምንቱ ደግሞ ሁለት ዓሣ ይጠብሳሉ። ከሚቀመጥበት እንጨት ላይም ደረቅ ሰሌን ያነጥፉለታል። ወጣቱ ሰሌኑን አንድም ቀን ልብ አላለውም፤ ታንኳ ሁሉ እንደዚያ ይመስለው ነበር።

ዓመት ሊሞላ ሲል ከአገር ቤት ደብዳቤ መጣ። ሽማግሌዎቹ «ደብዳቤህን በየሳምንቱ እናነባለን፤ ግን አንድም የሰው ስም አላየንበትም። እስቲ የአንድ ሰው ስም ጻፍልን፤ እንጸልይለት። ከሌለ ግን ተመለስ» ብለው ጽፈዋል። ወጣቱ ደብዳቤውን ይዞ ሲያለቅስ ዋለ። ውርደት ሆነበት። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ደጁን ቢረግጥለት ነፍሱን በሰጠ ነበር። ረቡዕ እስኪደርስ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ሲጨነቅ ሰነበተ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ወንዙ ሲወርድ ታንኳዋ ባዶዋን ታስራለች። ወደ ሽማግሌው ጎጆ ሄደ። ትኩሳት ጥሏቸዋል፤ ዓይናቸው ጎድጉዷል፤ ትንፋሻቸው ከሩቅ ይሰማል። ምድጃው አጠገብ ሳህን አለ፣ ሳህኑ ላይ ሁለት ዓሣ። በዚያ ጉልበት እንዴት እንደጠበሷቸው እግዚአብሔር ይወቅ።

ወጣቱ ደህና አድርጎ አስታመማቸው፤ ይህን አልነሣውም። ግንባራቸውን በውኃ አቀዘቀዘ፤ የያዘውን መድኃኒት አስዋጣቸው፤ ተንበርክኮ ጸለየላቸው። ሰጠ፣ ሰጠ፣ ሰጠ። ሲጨርስ ሽማግሌው በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉና ሳህኑን በእጃቸው ወደሱ ገፉት።

«ዛሬ አትሂድ» አሉት። «ቁጭ በል፤ አብረን እንብላ።»

መቀመጥ ፈልጎ ነበር። ዓመት ሙሉ «ቁጭ በል» ያለው ሰው አልነበረም፤ ዓሣው ደግሞ ያውዳል፤ ከትናንት ጀምሮ አልበላም። ግን ሰው ታሞ ምግብ ማስቸገር እንዴት ይሆናል? ወረቀቱስ? ደግሞም ከልባቸው ከሆነ እንደገና ይሉኛል፣ ያኔ እቀመጣለሁ አለ በልቡ።

«አይ አባቴ፣ አላስቸግርዎ» አለ። «እርስዎ ይብሉና ይረፉ።»

በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። ቆየት ብሎም ጫማውን አሰረ፣ ፈትቶ እንደገና አሰረ። «በሞቴ» የሚል ድምፅ ጠበቀ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በሌላ ሰው ታንኳ ተሻገረ። እንጨቱ እርጥብ ነበር፤ ሱሪው በሰበሰ። ያን ጊዜ ነው ሰሌኑ ትዝ ያለው። ዓመት ሙሉ ደረቅ ቦታ ሲቀመጥ የኖረው፣ ሽማግሌው አስበውለት መሆኑን አወቀ። ከማንም አልተቀበልኩም ሲል ኖሮ ለካ በየሳምንቱ ሲቀበል ነበር። ልቡ አላስችለው አለ። ማስተማሩን ትቶ ያንኑ ባለ ታንኳ መልሰኝ ብሎ ተመለሰ። አብሬ እበላለሁ፣ ሳልጠየቅም እበላለሁ እያለ አቀበቱን ሮጠ።

ጎጆው ደጅ ሰዎች ቆመዋል። ሽማግሌው አርፈዋል። ሳህኑ በነበረበት አለ፤ ሁለቱም ዓሣ አልተነካም።

በቆላ ሬሳ አያቆዩም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉድጓዱ ተቆፈረ። የሚያጥባቸው ስላልነበረ ከነልብሳቸው አወረዷቸው። ያን ጊዜ ወጣቱ አጠገቡ የቆመችውን አንዲት ዓሣ ሻጭ «ለምን ዝም ይላል ሰዉ? አይለቀስም እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። ሴትዮዋ ልማዱን ነገረችው። ስለ ሳህኑ፣ ስለ ስሙ፣ ስለ ሁለቱ ዓሣ፤ አንዱንም አላስቀረችም። ዓመት ሙሉ ያልጠየቀውን በአንድ ትንፋሽ ሰማ።

«እኔ ልጥራ!» ብሎ ወደ ጉድጓዱ ቀረበ። «እኔ ልጃቸው ልሁን።»

ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን አቁመው አዩት። ከመካከላቸው ትልቁ «አብረሃቸው በልተሃል?» አለው።

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። መዋሸት ግን አልቻለም፤ ወንጌል ይዤ መጣሁ ያለ ሰው በሬሳ ላይ እንዴት ይዋሻል? «አልበላሁም» አለ። ደግሞስ ቢፈቅዱለት ማን ብሎ ሊጠራ ነበር? በዓመት ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ያሻገሩትን ሰው ስማቸውን አንድ ቀን አልጠየቀም። «አባቴ» ነበር የሚላቸው። ሰዉ ደግሞ አሻጋሪው ይላቸዋል። ሽማግሌዎቹ ጻፍልን ያሉት ስም በየረቡዑ ከፊቱ ተቀምጦ ይቀዝፍ ነበር።

እንደ እብድ ወደ ጎጆው ሮጠ። ሳህኑን ይዞ መጣ፤ በጉድጓዱ አፋፍ ተንበረከከ፤ የቀዘቀዘውን ዓሣ ከነእሾኹ እየጎረሰ፣ እያለቀሰ በላ። አንዱን ጨርሶ ሁለተኛውን ወደ ጉድጓዱ ዘረጋ። ማንም አልሳቀም። ዓሣ ሻጯ መጥታ ትከሻውን ያዘችው።

«ተው» አለችው። «አሁንማ ብቻህን ነው የበላኸው።»

አፈሩ ተመለሰ። ስም አልተጠራም።

አየሽ ልጄ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ወጣት የቀረበለትን ሁሉ ሲበላ ኖረ፤ ከሦስት ወር በኋላ አንድ እሑድ ዓሣ ሻጯ ከስምንቱ ወንበር በአንዱ ላይ መጥታ ተቀመጠች ይባላል። ይሁን። ለሽማግሌው ግን ምንም አልረባቸውም፤ ያ መቃብር ዛሬም የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

አንቺ እታፈራሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ትሄጃለሽ። ትናንት መጥተሽ «መምህር፣ በሰው አገር የሚሰጡኝን ትንሽ ነገር ብቀበል ዋጋዬን እዚሁ መጨረሴ አይደለም ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጥያቄሽ ቅዱስ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ትዕቢት አለበት። ያ ወጣት አንቺ ነሽ። አሻጋሪው የምትሄጂበት ሕዝብ ነው። ሳህኑ ደግሞ እነሱ ወዳንቺ የሚመጡበት ብቸኛ መንገድ ነው፤ ሁልጊዜ ሰጪ አንቺ ብቻ ከሆንሽ እነሱ ምንጊዜም ደጅሽ ላይ የቆሙ ለማኞች ናቸው። ሰው የሰጠውን ስትቀበዪለት ነው ሰው የምታደርጊው። የድሃ በግ አታሳርጂ፤ ይህን ሽማግሌዎቹ ልክ ናቸው። ዓሣ ሲዘረጉልሽ ግን ብዪ። ሰሌን ሲያነጥፉልሽ ልብ በዪ። ሰማይ ዋጋሽን አይከለክልሽም፤ ሰማይ ሳህን አያቀርብም እንጂ፤ ሳህን የሚያቀርበው ሰው ነው፣ እሱም ይሞታል።

እናትሽ ያስተማረችሽን «በሞቴ» መጠበቅ እዚሁ ለእኛ ትተሽልን ሂጂ። በበላሽበትም ቤት ሁሉ ከመነሣትሽ በፊት ስማቸውን ጠይቂ፤ አንድ ቀን መጥራት ይኖርብሻል።